ከብልቃጥ ወደ ጠብታ፦ የተማሪዎች የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ታሪክ

የኬሚስትሪ ተማሪ በገዛ እጁ እየመረመረ የሚማርበት ሥርዓት ሥር የሰደደው፣ ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1824 በጊሰን ዩኒቨርሲቲ ተሹሞ ካደራጀው ቤተ ሙከራ ወዲህ ነው። ሊቢግ በ1831 ይፋ ያደረገው ባለአምስት እንክብል የመስታወት ቱቦ ናሙናው ሲቃጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፖታሽ ሙሙት ውስጥ ይዞ ስለሚያስቀር፣ የካርቦኑ መጠን ከቱቦው ክብደት ጭማሪ ይታወቅ ነበር፤ በዚህም የጥቂት ሊቃውንት ሙያ የነበረው ትንተና የተማሪ የዘወትር ልምምድ ሆነ። ይሁንና አንዱ ምርመራ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ናሙና ይፈጅ ነበር።

ይህን መጠን ወደ ታች የገፋው እጥረት ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ፕሬግል በ1910 ገደማ የሐሞት አሲዶችን ሲያጠና ያገኘው ንጥረ ነገር ለተለመደው ትንተና አልበቃ ስላለው፣ ናሙናውን ለማብዛት ከመድከም ይልቅ መሣሪያዎቹን አሳንሶ በጥቂት ሚሊግራም መሥራት ቻለ፤ ለዚህም በ1923 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የቪየናው ፍሪትዝ ፋይግል ያዳበረው የጠብታ ምርመራ ደግሞ ሚዛን እንኳ አይሻም። ኒኬል ያለበት ሙሙት አንድ ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ዳይሜቲልግላይኦክሲም የተባለው ውህድ ይጨመርበትና ወረቀቱ በአሞኒያ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲያዝ፣ እርጥቡ ቦታ ወዲያው ይቀላል። ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ የተሰደደው ፋይግል ይህንኑ ሥራ በብራዚል ቀጠለበት።

በትምህርት ቤት ግን ትንሹ መጠን የተስፋፋው በሌላ ምክንያት ነበር። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሜይን ግዛት የቦውዶይን ኮሌጅ መምህራን የቤተ ሙከራው አየር በኬሚካል ትነት መበከሉ ስላሳሰባቸው፣ ውድ የአየር ማውጫ ከማስፋፋት ይልቅ ተማሪው የሚጠቀምበትን ኬሚካል መቀነስ መረጡ፤ ከሜሪማክ ኮሌጅ ባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት መማሪያ መጽሐፍም በ1986 ታተመ። በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ራድማስቴ ማእከል ደግሞ ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ጎድጓዳ ቀዳዳዎች ያሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ የያዘ አነስተኛ መሣሪያ አዘጋጀ፤ ዩኔስኮም አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮች እንዲዳረስ ደገፈ።

እስከዚህ ድረስ ጠብታው ባለበት የሚቀመጥ ነበር። በ2001 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የውኃ ፍሰት በጠባብ ቦይ ውስጥ ከዘይት ፍሰት ጋር ሲገናኝ በእኩል መጠን እየተቆረጠ ጠብታ እንደሚሆን አሳዩ፤ በዘይት የተከበበው እያንዳንዱ ጠብታም ራሱን የቻለ የሙከራ ዕቃ ሆነ። ሌላው መንገድ ጠብታን በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀስ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ብሩኖ በርዥ በ1993 ከጠብታው ሥር ያለውን ኤሌክትሮድ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ከለለው፤ ከዚህ በኋላ ቮልቴጅ ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ቀጣዩ ሲዛወር ጠብታው ተከትሎ የሚሄድበት አሠራር ተገነባ። በ2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድሮፕቦት የተባለውን መቆጣጠሪያ ማንም ሊሠራው እንዲችል ንድፉን ክፍት አድርገው አቀረቡ። ቀደም ሲል በ2010 ደግሞ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ተማሪዎች ከጣፋጭ ጄላቲን ቦዮችን ቀርጸው ፈሳሽ የሚያፈሱበትን ርካሽ ዘዴ ለማስተማሪያነት አሳትመው ነበር።

ቀደምቶቹ ዘዴዎች የታወቀውን ኬሚስትሪ በትንሽ መጠን ሲያስተምሩ፣ የሚፈሰው ጠብታ ግን አዲስ ትምህርት ይዞ መጥቷል። የአንድ ጠብታ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ሲወርድ፣ የገጽ ውጥረቱ፣ ማለትም የፈሳሹ ገጽ ራሱን የሚሰበስብበት ኃይል፣ የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መጠን ፈሳሹን የሚገዛው ክብደቱ ሳይሆን ገጹ ይሆናል። ይህን ተማሪው የሚረዳው ቦዩን ራሱ ሲቀርጽና ጠብታው አልቆረጥ ሲለው ምክንያቱን ሲፈልግ ነው፤ ተዘጋጅቶ በቀረበለት መሣሪያ ላይ ቁልፍ መጫን ብቻ ከሆነ ድርሻው፣ የቆጠበው ኬሚካል እንጂ የቀሰመው ዕውቀት አይበዛም።