የማረጥ ሆርሞን ክሬም

የማረጥ ሆርሞን ክሬም የወር አበባቸው የቆመ ወይም ሊቆም የተቃረበ ሴቶች የማረጥ ምልክቶችን ለማስታገስ ቆዳቸው ላይ ወይም ብልታቸው ውስጥ የሚቀቡት፣ ኤስትሮጅን ወይም ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን የያዘ ቅባት ነው። በዚህ ስም ከሚሸጡት መካከል አንዳንዶቹ በጥናት የተፈተኑ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ሆርሞን የሌላቸው ወይም ምን ያህል እንደያዙ በውል የማይታወቅ መዋቢያዎች ናቸው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ለሚገዛ ሰው ዋናው ችግር ሁለቱን መለየት ነው።

ማረጥና ምልክቶቹ

አንዲት ሴት ለ12 ተከታታይ ወራት የወር አበባ ካላየች አርጣለች ይባላል። ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። የእንቁላል ማምረቻ ዕጢዎች ኤስትሮጅን ማመንጨታቸውን ሲቀንሱ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይታወካል፤ ትንሽ የሙቀት ለውጥ እንኳ እንደ ትልቅ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ከደረት ተነስቶ ወደ አንገትና ፊት የሚወጣ ድንገተኛ ወላፈን ይሰማል፣ ላብ ይከተላል፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ያልፋል። የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የብልት ድርቀትና ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትም የተለመዱ ናቸው።

ማረጥ በሽታ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ በወር አበባ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መግባት ስለማይፈቀድ፣ ማረጥ ከዚህ ክልከላ መውጫም ነው፤ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ቆብ ደፍተው የሚመነኩሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ምልክቶቹ ግን የዕድሜ ነገር ናቸው ተብለው ሳይነገሩ ይታለፋሉ፤ መፍትሔ የሚፈለገውም ከጓደኛ ወይም ከሱቅ ነው።

የክሬም ዓይነቶች

በጥናት የተሻለ ማስረጃ ያለው በብልት ውስጥ የሚቀባው አነስተኛ የኤስትሮጅን ክሬም ነው፤ ኤስትራዲዮል ወይም ኤስትሪዮል ይይዛል። ድርቀትን፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመምንና ተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ይቀንሳል። ወደ ደም የሚገባው መጠን ጥቂት በመሆኑ ወላፈንን አያስታግስም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ጂና የተባለ፣ 10 ማይክሮ ግራም ኤስትራዲዮል የያዘ ብልት ውስጥ የሚገባ ክኒን ያለ ማዘዣ በፋርማሲ እንዲሸጥ ፈቅዳለች። ፈቃዱ የተሰጠው ግን 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸውና የወር አበባቸው ከቆመ ቢያንስ አንድ ዓመት ላለፋቸው ሴቶች ብቻ ሲሆን፣ ፋርማሲስቱ አስቀድሞ ይጠይቃቸዋል።

ለወላፈን የሚታዘዘው ቆዳ ላይ የሚቀባ ኤስትሮጅን ጄል ወይም የሚለጠፍ ፕላስተር ነው። ይህ መላ ሰውነትን ስለሚያዳርስ ማዘዣ ያስፈልገዋል። ማህፀኗ ያልወጣ ሴት ኤስትሮጅንን ለብቻው ከወሰደች የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉ አብሮ ይሰጣል።

ፕሮጄስትሮን ክሬም ከሁሉ ይልቅ ውዥንብር ያለበት ነው። 2 በመቶ የሚል ክሬም በአንድ ግራም ውስጥ 20 ሚሊ ግራም አለው ማለት ነው፤ ከቆዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚደርሰው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በቀን 20 ሚሊ ግራም የተቀቡ ሴቶች ወላፈናቸው እንደቀነሰ አሳየ። በ2003 በአውስትራሊያ 80 ሴቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ 32 ሚሊ ግራም ለ12 ሳምንት ተሰጥቶ ለውጥ አላገኘም። ክሬሙ የማህፀንን ሽፋን ለመጠበቅ በቂ እንደሆነ ስላልተረጋገጠ፣ ኤስትሮጅን የምትወስድ ሴት በእሱ ተማምና የታዘዘላትን ፕሮጄስትሮን ብታቋርጥ አደጋ ላይ ትወድቃለች።

«የዱር ያም» የሚል ክሬም በደቡብ ኢትዮጵያ ቦዬ ተብሎ ከሚበላው ሥር ሥር ዘመድ የሚሠራ ነው። በውስጡ ያለው ዲዮስጄኒን በቤተ ሙከራ ወደ ፕሮጄስትሮን ይለወጣል፤ የሰው አካል ግን ይህን መለወጥ አይችልም። በ2001 በ23 ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ክሬሙ ከባዶ ቅባት አልተሻለም።

በገንዳ ውሃና በመተማ

የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ቆላ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊበልጥ ይችላል። ሙቀት ራሱ ወላፈንን ይቀሰቅሳል። ክሬሞች በአብዛኛው ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ ይመከራል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ክሬም ዘይቱና ውሃው ተለያይቶ ከተገኘ፣ ጊዜው ባያልፍም አይታመንም።

አካባቢው የወባ ቀጠና ነው። ሌሊት በላብ መጠመቅ የማረጥ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ካሉበት ግን አስቀድሞ የወባ ምርመራ ማድረግ ይገባል። በማረጥ ወላፈን የሰውነት ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ እንደ ወባ አይንርም። ክሳትና ሳል ያለበት የሌሊት ላብ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይሻል።

መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር የምትዋሰን የንግድ ከተማ ናት። በድንበር ከተማ ሱቅ ክሬም የሚገዛ ሰው ጽሑፉን ማንበብ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ ማሸጊያ ሊያጋጥመው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሆርሞን ያለው ክሬም ከመዋቢያ ሱቅ ሳይሆን ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት መገዛት አለበት። ማሸጊያው ላይ የሆርሞኑ ስም፣ መጠኑ በሚሊ ግራም ወይም በመቶኛ፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን መኖር አለባቸው። «የተፈጥሮ ሆርሞን» የሚል ብቻ ተጽፎ መጠን ከሌለው የያዘውን ማወቅ አይቻልም። ፊትን ለማንጣት የሚሸጡ ክሎቤታሶል ያለባቸው ክሬሞችም ሆርሞን ነክ ቢሆኑም ስቴሮይድ ናቸው፤ ለማረጥ አይጠቅሙም፣ ቆዳንም ያሳሳሉ።

ጥንቃቄ

የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ የደም መርጋት ያጋጠማት፣ የጉበት ሕመም ያለባት ሴት ሐኪም ሳታማክር የሆርሞን ክሬም መጀመር የለባትም። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ጠብታም ቢሆን፣ ክሬም ከመፈለግ ይልቅ መመርመር አለባት፤ የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው።

ክንድ ላይ የተቀባ ኤስትሮጅን በመታቀፍ ወደ ሕፃን ይተላለፋል፤ ሕፃናት ላይ ያለ ዕድሜ የጡት ማደግ ታይቷል። የልጅ ልጅ የምታዝል አያት ቀብታ እጇን በሳሙና መታጠብና የተቀባውን ቦታ በልብስ መሸፈን አለባት።

በሆርሞን ላይ ያለው ፍርሃት በአብዛኛው የመጣው ከ16 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶች ከተሳተፉበትና በ2002 ከተቋረጠው ጥናት ነው። የተፈተነው የሚዋጥ ክኒን ነበር። የጡት ካንሰር ጭማሪው በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ያህል ሲሆን፣ ከ60 ዓመት በፊት ወይም ባረጡ በ10 ዓመት ውስጥ ለሚጀምሩ ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ እንደሚያመዝን በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች አሳይተዋል። ሆርሞን ለማይስማማቸው ሴቶች በ2023 በአሜሪካ የጸደቀው ፌዞሊኔታንት የተባለ ሆርሞን ያልሆነ ክኒን አለ። ለድርቀት ብቻ ከሆነ ሆርሞን የሌለው ውሃማ ማለስለሻ ጄል ያለ ማዘዣ መጠቀም ይቻላል።