ታላቅን መቅደም

ድሮ መርሳ ሳስተምር ሁለት ወንድማማች ሯጮች ነበሩኝ። ልምምዱን አብረው ነው የሚሠሩት፤ ውድድር ሲመጣ ግን ታናሽየው መጨረሻው ላይ ሆን ብሎ ይዘገያል። ብቆጣው «ቲቸር፣ ታላቄን እንዴት ልቅደም?» አለኝ። ሀብሩ ላይ እጅ እንኳ የሚታጠበው ታላቅ ቀድሞ አይደል? መልስ አጣሁ።

ከዚያ የ2012 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ኦሎምፒክ መጣ። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ቀነኒሳ በቀለ አቴንስና ቤጂንግ ላይ ወርቅ የወሰደበት ርቀት ነው፤ የዓለም ክብረ ወሰኑም ያኔ የሱ። ሦስተኛውን ወርቅ ስንጠብቅ ሞ ፋራህና ጌለን ሩፕ ቀድመው ገቡ። ነሐሱን በ27:31.43 ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ ወሰደው። 4ኛ፣ በ27:32.44፣ ቀነኒሳ። አንድ ሴኮንድ ከምናምን! ደስ ይበለን ወይስ እንዘን፣ ግራ ገባን።

ሌላዋ የበቆጂ ልጅ እጅጋየሁ ዲባባማ ይህን ሁለቴ አይታዋለች። በ2005 ሄልሲንኪ፣ በ5,000ም በ10,000ም ታናሿ ጥሩነሽ ወርቅ፣ እሷ ነሐስ። ሁለቴም እህትማማቾቹ አንድ መድረክ ላይ ቆሙ።

ያ ተማሪዬ አሁን ወልድያ ነው አሉ። ይህን ካየህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ የመልስ ዕዳ አለብኝ።