የተጠቃሚ መለያዎችን ከዳታቤዝ መሰረዝን ማፋጠን
በሪሌሽናል ዳታቤዝ የተጠቃሚ መለያ ስረዛ የሚንቀረፈፈው ብዙውን ጊዜ የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ስለገዘፈ ሳይሆን፣ በፎሪን ኪ የተሳሰሩት ሌሎች ሠንጠረዦች ኢንዴክስ ስለሚጎድላቸው ነው። ፖስትግሬስኪውኤል አንድ ተጠቃሚ ሲሰረዝ ግዢ፣ መልእክትና ክፍያ የያዙትን ተያያዥ ሠንጠረዦች ሁሉ ይፈትሻል፤ ጠቋሚው ዓምድ ኢንዴክስ ከሌለው ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ይገደዳል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ተሰራዥ ረድፍ ይደገማል። ፖስትግሬስኪውኤል ይህን ኢንዴክስ በራሱ አይፈጥርም፤ የማይኤስኪውኤሉ ኢኖዲቢ ግን ይፈጥራል። ጊዜው የት እንደባከነ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» በትሪገር መስመሮቹ ለይቶ ያሳያል። ትእዛዙ ስረዛውን በእውን ስለሚፈጽም ግን በትራንዛክሽን ውስጥ አስኪዶ በሮልባክ መመለስ የግድ ነው። የጎደለው ኢንዴክስ ከተፈጠረ በኋላ መለያዎቹን በትንንሽ ምድብ ከፋፍሎ መሰረዝ ሌሎች ሥራዎች ተቆልፈው የሚጠብቁበትን ጊዜ ያሳጥራል። ፎሪን ኪውን ማጥፋት ባለቤት አልባ መረጃ ስለሚያስቀር መፍትሔ አይደለም።