ዱላው ሙዚየም ገባ፣ እጁስ?

የድሮ የአውሮፓ ፍልሚያ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከፊልም የምናውቀው ብረት ለባሽ ፈረሰኛ ነው። ተራው ገበሬና እረኛ ግን እንደኛው አገር ሰው ዱላ ነበር የሚይዘው። የስትራስቡርጉ የጎራዴ መምህር ዮአኪም ማየር እ.ኤ.አ. በ1570 ባሳተመው መጽሐፍ ዱላ የረጃጅም መሣሪያዎች ሁሉ መሠረት እንደሆነ ጻፈ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሲልቨር ደግሞ በ1599 ዱላ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ባለ ጎራዴውን እንደሚበልጥ ተከራከረ። በ1904ቱ የሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ሳይቀር የዱላ ግጥሚያ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን አብዛኛው ጠፋ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ወጣቶች የቆዩ መጻሕፍት እያገላበጡ የድሮውን ፍልሚያ መልሰው መማር ጀመሩ። ከዋና ምንጮቻቸው አንዱ ጣሊያናዊው ፊዮሬ ዴ ሊቤሪ በ1409 አካባቢ በሥዕል አስደግፎ ያዘጋጀው መጽሐፍ ነው። አጭር ዱላም እዚያ ውስጥ አለ።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ነገሩ የሚገርመኝም በሙያዬ ነው። ሰርቨሩ ከተቃጠለ በኋላ ከማኑዋሉ ብቻ ተነስቶ ሲስተሙን እንደገና እንደመገንባት በሉት። ግን ማኑዋሉ ሁሉንም አይዝም። ምቱን በደንብ ይነግራችኋል። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ምን ያህል እንደሚመታና ማን «በቃ» እንደሚል ግን አዲሶቹ ተማሪዎች በአብዛኛው ራሳቸው መደንገግ ነበረባቸው። መጽሐፍ ምቱን ያስቀምጣል፤ ልኩን የሚያስቀምጠው ሰው ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። አሶሳ የበርታዎች አገር ናት። በበርታዎችና ከድንበሩ ማዶ ባሉት ኢንገሳናዎች ዘንድ የሚወረወር ዱላ የታወቀ መሣሪያ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን አካባቢ ያየውን ይህን መሰል ዱላ «ትሮምባሽ» ብሎ ገልጾታል፤ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጫፉ የታጠፈ፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ። እንደ አውስትራሊያው ቡመራንግ ወደ ወርዋሪው አይመለስም። ዛሬ እንዲህ ያሉ ዱላዎች አውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ተሰቅለዋል። እንጨቱ አለ። ክንዱ እንዴት እንደሚዞር፣ በማን ላይ መወርወር ነውር እንደሆነ ግን መስታወት ውስጥ አይታይም።

ልኩ ከሰው ጋር ሲኖር ምን እንደሚመስል ሱሪዎች ጋ ማየት ይቻላል። በደቡብ ምዕራብ፣ ከኦሞ ወንዝ ወዲያ፣ በዶንጋ ግጥሚያ ወጣቶች በረጃጅም ዱላ ይፋለማሉ። ደም ይፈሳል፤ ግን ዳኛ አለ፣ መግደል ክልክል ነው፣ ሰው ከሞተም የገዳዩ ወገን ካሳ ይከፍላል። ማለትም ዶንጋ ሕግም ነው። ጠብ ዳኛና ልክ ሲያጣ ምን እንደሚመጣ በቅርብ ዓመታት መተከል ላይ አይተናል።

ከመተከል አጠገብ ደግሞ አዊ አለ። እዚያ በጉግስ ፈረሰኛው በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ ይመክታል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ፈረሰኞቹ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ሙዚየምም ማኑዋልም ሳይሆን ልጅ ከአባቱ ጎን የሚጋልብበት ቀን ነው ያላቸው።

ለዚህ ነው ጉባን ሳስብ ነገሩ የሚያሳስበኝ። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱ 145 ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። እንደማንኛችሁም ኮርቻለሁ። ውሃው በተኛበት መሬት ይኖሩ የነበሩ ጉሙዞች ግን ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ሰው ሲነሳ ቀስቱንም ዱላውንም ይዞ መሄድ ይችላል። ልጆች አዋቂዎችን እያዩ የሚማሩበት ሜዳ ግን መኪና ላይ አይጫንም።

ስልክ ሁላችንም አለን፤ መቅረጽ ቀላል ነው። አንድ ሽማግሌ ዱላ አያያዝ ሲያሳያችሁ ምቱን ብቻ ቀርጻችሁ አትሂዱ። «አባባ፣ መቼ ነው የሚቆመው? ማን ነው የሚያስቆመው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊዮሬን የሚያነቡት ሰዎች ዛሬ የሚጠይቁት ሽማግሌ የላቸውም። እኛ ገና አለን።