የዳግማዊ ምኒልክ የጦርነት አቋም መለዋወጥ፤ ከይፋት ቆላ መንገድ አንጻር ሲመረመር

አንድ የመንግሥት ሰው ትናንት «አልዋጋም» ብሎ ዛሬ ክተት ቢያውጅ፣ ወይም ትናንት ክተት ብሎ ዛሬ ዕርቅ ቢፈርም፣ ብዙ ጊዜ «ወላዋይ ነው» ይባላል። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል ነውን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው በዳግማዊ ምኒልክ ሥራ ላይ ነው። ከ1875 እስከ 1889 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ምኒልክ ለኢጣልያ ወዳጅ፣ ገለልተኛ፣ ባለውል፣ ጠላት፣ እንደ ገናም ታራቂ ሆነዋል። ነገሩንም ከይፋት ቆላ ተነሥተን እንመለከተዋለን፤ ምክንያቱም ያለ መንገዱ ታሪክ የቃሉ ታሪክ አይገባንም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በግራው የመንዝን ገደላገደል፣ በቀኙ ወደ አፋር በረሓ የሚዘረጋውን ቆላ ያያል። ይህ የይፋት ቆላ በስተደቡብ ካሉት ከአልዩ አምባና ከፋሬ ጋር የድሮው ሸዋ የባሕር በር መግቢያ ነበር። አንኮበር ከላይ ሆና ትጠብቀው ነበር፤ ከሥሯም በአልዩ አምባ ገበያ የአርጎባ ነጋዴና የአፋር ባለግመል ይገናኙ ነበር። ከታጁራና ከአሰብ የሚነሣው ቅፍለት በረሓውን አቋርጦ የሚደርሰው እዚህ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. 2000 ያህል ጠመንጃ ይዞ አንኮበር የገባው ከታጁራ ተነሥቶ ነው። ነገር ግን የመንገዱ ጫፍ በሸዋ እጅ አልነበረም፤ ታጁራን ፈረንሳይ፣ አሰብን ኢጣልያ ይዘውት ነበር።

ስለዚህ በግንቦት 1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር በአንኮበር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ፣ ከባዕድ ፍቅር ይልቅ የመንገድ ችግር እንዳስገደዳቸው መረዳት አያዳግትም። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር አናይም።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዛ ነበር፤ በጥር 1879 ዓ.ም. ደግሞ ራስ አሉላ ጦሯን በዶጋሊ ደምስሰዋል። ዓፄ ዮሐንስ ለጦርነት ሲዘጋጁ፣ ንጉሥ ምኒልክ 5000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ለመቀበል ለኢጣልያ የገለልተኛነት ቃል ሰጡ። እኚሁ ንጉሥ ግን በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለዓፄ ዮሐንስ ገብረው፣ የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ትተው፣ በኋላም ልጃቸውን ወይዘሮ ዘውዲቱን ለራስ አርአያ ሥላሴ ድረው ነበር። ለምኒልክ የሚሟገቱ ሰዎች ንጉሡ ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ መሞከራቸውን ይጠቅሳሉ፤ ሙከራውም እውነት ነው። ሆኖም አስታራቂ ከአንደኛው ባለጋራ ጠመንጃ ሲቀበል ሌላው ወገን ሊያምነው አይችልም። ዓፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1880 ዓ.ም. ሰዓጢ ድረስ ወርደው ሳይዋጉ ሲመለሱ፣ በምዕራብ ደርቡሽ፣ ከኋላቸው ደግሞ የማይታመኑ ነገሥታት ነበሩባቸው። እዚህ ላይ ወቀሳው ይገባል እንላለን። የወቀሳው ምክንያት ግን አቋም መለወጡ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጌቶች የማይስማሙ ሁለት ቃሎች መሰጠታቸው ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህ የተለየ ነው። ዓፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን የውጫሌ ውል ተፈረመ። የዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ምኒልክ በኢጣልያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ዓፄ ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በደብዳቤ ተቃወሙ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ዐወጁ።

በእነዚህ ዓመታት መካከል የተለወጠው ምን ነበር? በመጀመሪያ፣ ከብቱን ሁሉ የጨረሰው በሽታና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አገሩን ስላደከመው፣ ያን ጊዜ ብዙ ሠራዊት ማዝመት አይቻልም ነበር። ሁለተኛ፣ በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻ አዲስ አበባ መጥተው ስለ ገቡ ሰሜኑ ከሸዋ ጋር ተባበረ። ሦስተኛ፣ ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከተያዘች ወዲህ በጅቡቲ በኩል ሌላ የመሣሪያ መንገድ ስለ ተከፈተ፣ የአሰብና የይፋት መንገድ ብቸኛ በር መሆኑ ቀረ። ኢጣልያ መንገዱን ብትዘጋ ሸዋ አይታፈንም። እንግዲህ የተለወጠው ሁኔታው ነው፤ ለውጡም ለባለጋራው በግልጽ ተነግሯል። ይህን ወላዋይነት ማለት አንችልም።

ሦስተኛው ለውጥ ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ የመጣው ዕርቅ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ውል ተሠረዘ፤ የኢትዮጵያም ነፃነት ታወቀ፤ ኤርትራ ግን በኢጣልያ እጅ ቀረች። «ድል አድርገው ለምን ተመለሱ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። እኛ የምናየው፣ የክተቱ ምክንያት ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ስለ ነበረ፣ አንቀጹ ሲሠረዝ ጦርነቱ መቆሙ ከተነገረው ምክንያት ጋር የሚስማማ መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ከመረብ ማዶ የቀረው ሕዝብ ዋጋውን እንደ ከፈለ መዘንጋት አይገባም። ቃልን አለማፍረስ ከጉዳት ነፃ ያወጣል ማለት አይደለም።

ከዚህ ምርመራ ሁለት መመዘኛዎች እናገኛለን። አንደኛው፣ ቃሉ የተለወጠው ሁኔታው ተለውጦ ነው ወይስ ሰሚው ተለውጦ? ሁለተኛው፣ ለውጡ ለሚመለከተው ሰው በግልጽ ተነግሮታል ወይስ ተሰውሮበታል? የ1880ው ቃል በሁለቱም ይወድቃል፤ የ1885ቱና የ1889ኙ ግን ያልፋሉ። ስለዚህ አንድን ሰው በሙሉ «ጽኑ» ወይም «ወላዋይ» ብሎ ከመፈረጅ ይልቅ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው መመዘን ይሻላል።

ጥያቄው ለይፋት ሰው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት በትግራይ የተናጠል ተኩስ ማቆም ዐወጀ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወደ ግንባር እንደሚሄዱ አስታወቁ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። በሁለቱም ወገን የነበሩት መሪዎች ቃላቸውን ለምን እንደ ለወጡ የሚጽፍ ታሪክ ጸሓፊ፣ ለፍቅርም ለጥላቻም ሳያደላ በእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ቢጀምር መልካም ነው እንላለን። ቤቱ በጦር መንገድ ላይ የተሠራ ሕዝብ ይህን ያህል መልስ ይገባዋልና።