መርፌና ወስፌ

«ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው» ይላል ያገራችን ሰው፤ በጥቂቱ ማመስገንን ለማስተማር። ተረቱ ሲነገር የአድማጩ ሐሳብ በሕፃኑ ራቁትነትና በጥብቆው ትንሽነት ላይ ያርፋል። ጥብቆውን የሰፋችው እጅ የማን እንደ ሆነች ተረቱ አይናገርም፤ አድማጩም አይጠይቅም። የታሪክ መጻሕፍታችንም ከዚህ ተረት እምብዛም አይርቁም። ዜና መዋዕሎቻችን ማን እንደ ዘመተ፣ ማን እንደ ተሾመ፣ ማን እንደ ገበረ ይዘረዝራሉ። ለሰይፍ ዝናዋ፣ ለብዕር ክብሯ ተሰጥቷታል። መርፌ ግን በቤት ውስጥ ተቀምጣ ትውልድን ስታለብስ ኖራ ስሟ ከገጹ ቀርቷል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ከቋንቋችንና ከታሪካችን ጥቂት ምስክሮችን ጠርተን ስለዚህች ዝምተኛ መሣሪያና ስለ ባለቤቶቿ እንነጋገር።

ቀዳሚው ምስክር ቋንቋው ራሱ ነው። በግእዝ «ረፍአ» ማለት ሰፋ ማለት ነው፤ መርፌ የምንላትም «መርፍእ» ከሚለው የግእዝ ስሟ የመጣች ናት። «ሰፈየ»ም እንዲሁ ሰፋ ማለት ሲሆን፣ የአማርኛው «ስፌት» ዘመዱ እርሱ ነው። አማርኛ በዚህ ቃል ለጋስ ሆኗል። ልብስ ይሰፋል፣ መሶብ ይሰፋል፣ መጽሐፍም ይሰፋል። ጨርቁ፣ ሣሩና ብራናው በአንድ ግስ ይገናኛሉ። ቃሉን እንዲህ አስፍተው ያቆዩልን ሰዎች በሦስቱ መካከል አንድ ነገር አይተዋል ማለት ነው፤ የተለያየውን አንድ የማድረግ ሥራ።

የሣሩን ስፌት እንመልከት። አክርማና ስንደዶ ተለቅመው ይደርቃሉ፤ ከስንደዶውም የሚበቃው ያህል በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ሣሩ በእጅ ተጠቅልሎ እየዞረ፣ ወስፌዋ ቀዳዳውን እየከፈተች፣ ሌላው ሣር በላዩ እየተጠመጠመ ዙር በዙር ላይ ይታከላል። ሰፌዱም፣ ሙዳዩም፣ ሌማቱም፣ መሶቡም የሚጀመሩት ከአንዲት ጣት ጫፍ ከማትበልጥ እምብርት ነው። ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህችው መነሻ ናት። እምብርቷ ከላላች ሰፌዱ ይላላል፤ ከጠመመች ጥመቱ በየዙሩ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ልጅቱ ሥራዋን ትፈታዋለች፤ እንደ ገና ትጀምረዋለች፤ እንደ ገናም ትፈታዋለች። በወረቀት ላይ የተነደፈ አምሳያ የላትም። የአለላው ቀለም በስንተኛው ጥምጣም ላይ እንደሚገባ የምታውቀው በመቁጠር ነው። ፊደል ባልቆጠሩ እናቶች ቤት የሒሳብ ትምህርት የሚሰጠው እንዲህ በሰፌድ ላይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሐረር ስንደርስ ይኸው ጥበብ ከቤት ዕቃነት አልፎ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ እናገኘዋለን። በሐረሪዎች ቤት ስፌቶች በግድግዳው ላይ በሥርዓት ተደርድረው ይሰቀላሉ፤ ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዓለም አቀፉ የቅርስ ድርጅት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ከተማዪቱ ከምትታወቅባቸው የእጅ ሥራዎች መካከል ሽመና፣ የሣር ስፌትና የመጽሐፍ ጥረዛ ይገኛሉ። ጨርቅ፣ ሣርና መጽሐፍ፤ ሦስቱ የስፌት ልጆች በአንድ ቅጥር ውስጥ!

ወደ ጥጡ እንመለስ። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ጎተራዎች ይጠቀሳሉ። ጥጥ በድንጋይ ላይ የተጻፈው ሲቃጠል ነው፤ ሲፈተል የጻፈለት የለም። መፈተሉ ግን አልተቋረጠም። ፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ ጥጡ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ድርና ማግ ሆኖ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ይወርዳል። በደጋው አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ከባላገር ሚስት እስከ ትልቅ እመቤት ድረስ እንዝርት ማሾር እንደ ባልትና የሚቆጠር የሙያ ምልክት ነበር። አንድ ጋቢ ከመደረቡ በፊት ስንት ምሽት በእንዝርት ላይ እንዳለፈ የምታውቀው የፈተለችው ብቻ ናት።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሁላችን ከዚህ ቤት ተበድረናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል፣ ነገር ሲወሳሰብ «ውሉ ጠፋ» ስንል የምንናገረው በፈታዮች ቋንቋ ነው። ውል ማለት የተጠላለፈውን ፈትል ለመፍታት ተፈልጋ የምትገኘዋ ጫፍ ናት። ሁለት ሰዎች የሚፈራረሙትንም ስምምነት ውል እንለዋለን። ደራሲ ለልብ ወለዱ ውል ሲፈልግ፣ ዳኛ ውል ሲመረምር፣ ቃሉን ያቀበለቻቸው በእሳት ዳር ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾር የነበረችዋ ሴት መሆኗን አያስቡም።

ጨርቅ ያልቃል። ይህ ነው የስፌት ታሪክ ትልቁ ችግር። ቤተ መንግሥት ፍርስራሹ ይቀራል፤ ጋቢ ግን ሲያረጅ የልጅ መጠቅለያ፣ ከዚያም መወልወያ ይሆንና ይጠፋል። ጥቂት ቁራጭ ጨርቆችን ከዚህ ዕጣ ያዳነው መጽሐፍ ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥራዝ እርስ በርሱ በክር ተያይዞ ከእንጨት ገበታው ጋር ይሰፋል። ብራናው ሲፋቅ የተቀደደ እንደ ሆነም ቅዳዱ በስፌት ይያዛል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ዘሎ ይጽፋል። ገበታው ቆዳ ሲለብስ በውስጥ በኩል በሚቀረው መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ ባለ ቀለም ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከህንድና ከሌላም አገር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። በአንዳንድ መጻሕፍትም ሥዕሉን የምትጋርድ ትንሽ መጋረጃ ከገጹ ጋር ተሰፍታ ትገኛለች። እንግዲህ ስፌት መጽሐፍን አጸናች፤ መጽሐፍም በተራው የጨርቅ ቁራጮችን ለእኛ አቆየ። ውለታው ተመላሽ ሆኗል፤ የሰፊዎቹ ስም ግን በሁለቱም ዘንድ የለም።

ለእጅ ሙያተኛ የነበረን አመለካከትም ሊሸሸግ አይገባውም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን በስድብ ስም እየጠራን፣ የሠራውን ግን ለብሰንና ታጥቀን ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ዐዋጁ ታላቅ ነው፤ መታወጅ ማስፈለጉም የስድቡን ጥልቀት ይመሰክራል። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ፈታይቱና ሰፌድ ሰፊዪቱ እንደ ሸማኔው ሲሰደቡ አልኖሩም፤ ሥራቸው የቤት ሥራ እንጂ ሙያተኛ የሚያሰኝ ሥራ ሆኖ አልተቆጠረምና። ስድብ ሲከለከል የሚጠቀመው ስም የተሰጠው ነው። የእነርሱ ጉዳት ከስድብ ሌላ ነበረ፤ አለመታየት።

በዚያው ዘመን የባሕር ማዶ ጨርቅ እየገባ ነበር። አቡጀዲ ብለን የተቀበልነው ጨርቅ በብዛት ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር የሚባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ወደ ዐፄ ምኒልክ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል፣ በስተጀርባው ካሉት ጥቅሞች ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር። ኋላም የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ወሰደው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲጽፉ፣ የጃፓን ጨርቅ ከእርሳቸው ቀድሞ አገራችንን ጎብኝቶ ነበር። ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገቡባቸው የልብስ ስፌት መኪናዎች ዘርም እኛ ዘንድ ደርሶ በየገበያው በረንዳ ላይ ተተከለ። ከመኪናው ኋላ የተቀመጠው ወንዱ ልብስ ሰፊ ነው። በቤት በመርፌ የሚሰፋው ያለ ዋጋ ቀረ፤ በበረንዳው በመኪና የሚሰፋው ግን ዋጋ ተቆረጠለት።

አሁን በዚህ ታሪክ ውስጥ መርፌ ከቤት ወጥታ ከመድፍ ጋር ወደተፋጠጠችበት ጊዜ ደረስን።

እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ፣ በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ መሪነት የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ሴቶቹ ለዘማቹ ልብስና የቁስል ማሰሪያ ያዘጋጁ ጀመር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ማዝነብ ጀመሩ። ሠራዊቱ የጋዝ መከላከያ አልነበረውም። የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ሸንጎውን እያራዘመ ነበር። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሴቶች ከፍላኔላ ጨርቅ የፊት መሸፈኛ መስፋት ያዙ። ልዕልት ፀሐይ ከሰፊዎቹ ጋር ነበሩ፤ የእንግሊዙ ሚኒስትር የሲር ሲድኒ ባርተን ባለቤትም በሥራው ተባበሩ።

የሰናፍጭ ጋዝ ግን በትንፋሽ ብቻ የሚገባ አይደለም። በቆዳ ላይ ያርፋል፤ ያቃጥላል፤ ያቆስላል፤ ዓይን ያሳውራል። በባዶ እግሩ በረጠበው ሣር ላይ ለሚሄድ ዘማች የፊት መሸፈኛ ምን ያህል ያድነዋል? የዘመናዊው ጦርነት ሊቃውንት ይህን ስፌት ቢያዩ የዋህነት ይሉት ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረውን እጅ ሁሉ በሐሳቤ ስመለከት ሌላ ነገር አያለሁ። እነዚያ ሴቶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተማሩት አንድ መልስ ነበር፤ ብርድ ሲመጣ መስፋት፣ ልጅ ሲወለድ መስፋት፣ ሰው ሲሞት መገነዣውን መስፋት። ሰማይ መርዝ ባዘነበ ጊዜም በእጃቸው ያለውን መልስ ሰጡ። በጄኔቫ የተሰበሰቡት መንግሥታት ፋብሪካና መርከብ ይዘው ያላደረጉትን፣ እነርሱ መርፌና ፍላኔላ ይዘው ሞከሩ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው ተመረቁ፤ ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። የእርሳቸው ስም ተመዝግቧል። አብረዋቸው የሰፉት ሴቶች ስም ዝርዝር ግን ከጥብቆው ሰፊ ስም ጋር አብሮ ጠፍቷል።

የታሪክ ምፀት አያልቅምና፣ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። መርዝ ያዘነበ መንግሥት ዕዳውን በመዘውርና በማጠንጠኛ ከፈለ! ከፋብሪካውም በኋላ ሰልባጁ መጣ፤ አሁን ደግሞ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ገበያ የዶርዜ ሸማኔ ልጆች ከሚሸጡት ጥበብ ጎን፣ በባሕር ማዶ ፋብሪካ የታተመ የጥለት አምሳያ ተሰቅሎ ይታያል።

በዚህ ላይ ሙሾ ማውረድ አልሻም። እንዝርት የሴቶቻችንን ዕድሜ በልቷል። ቀን እህል ስትፈጭና ውኃ ስትቀዳ የዋለች ሴት ሌሊት እንድትፈትል የሚያስገድደውን ኑሮ መናፈቅ፣ ለማይፈትል ሰው ቀላል ነው። ፋብሪካው ያንን ሸክም ካቀለለላት እሰየው! መጥፋት የሌለበት ግን ምስክርነቱ ነው። በየቤተ መዘክሩ የመሶብ መግለጫ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናነበው የመጣበትን አገርና የተሠራበትን ሣር ነው። ሥዕል ቢሆን የሠዓሊው ስም ይፈለግ ነበር። መሶቡን የሰፋችው ሴትም ቀለም መርጣለች፤ ቆጥራለች፤ አፍርሳ ሠርታለች። ከዚህ በላይ የጥበብ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው?

በሐዋርያት ሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ጣቢታ የምትባል ሴት በኢዮጴ ትሞታለች። ጴጥሮስ ሲደርስ በዙሪያዋ የቆሙት መበለቶች እያለቀሱ፣ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ያሳዩታል። ስለ እርሷ ያቀረቡት ምስክር ይህ ነበር፤ የሰፋችውን ጨርቅ በእጃቸው ዘርግተው ማሳየት። በጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ ለአንዲት ሰፊ ሴት ከዚህ የላቀ ዜና መዋዕል አላነበብሁም።

እኛስ? ዛሬ መርፌ የሚያነሣ ሰው በአመዛኙ ወዶ ያነሣታል። ለመጀመር ብዙ አያሻም። የወለቀ ቁልፍ መትከል፣ የተተረተረ ጠርዝ መቀምቀም፣ ካረጀ ነጠላ ለሕፃን ጥብቆ መቁረጥ፣ ወይም ከአንዲት አረጋዊት እናት አጠገብ ተቀምጦ የሰፌድ እምብርት ሦስት ጊዜ አፍርሶ በአራተኛው ማጽናት ይበቃል። ሲሰፉም መጠየቅ ነው፤ «እርስዎን ያስተማረችዎ ማን ነበረች?» ብሎ። የሚሰማውን ስም መጻፍ፣ ከዚያም የእርሷን አስተማሪ ስም መጠየቅ። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት የሚፈታው እንዲህ ነው፤ አንዲቱን ጫፍ ይዞ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይበጥሱ። በእያንዳንዳችን ቤት ግድግዳ ላይ ወይም ሣጥን ውስጥ ስም የሌለው አንድ ሰፌድ፣ አንድ ጥልፍ፣ አንድ አሮጌ ጥብቆ ይኖራል። ስሟን የምታውቅ ሴት በሕይወት ሳለች እንጠይቅ።