ማፍላት የማያድነው ውሃ፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለ ቧንቧ ውሃ ማወቅ ያለብን

"የቧንቧው ውሃ ይጠጣል ወይ?" ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ላይ ካሉ ከተሞች ልጆች ጋር ስናወራ ይሄ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የሚሰጠው መልስ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ "አፍልታችሁ ጠጡት"። ለብዙ የአገራችን ከተሞች ጥሩ ምክር ነው። ለስምጥ ሸለቆ ግን ግማሽ መልስ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ ነገሩን ያባብሰዋል። ለምን እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻልና ማንን ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ አንድ ላይ አዘጋጅተነዋል። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

ባጭሩ
• በቧንቧ ውሃ ውስጥ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ሊኖሩ ይችላሉ፦ ጀርም እና ፍሎራይድ።
• ጀርም በማፍላት ወይም በክሎሪን ይሞታል። ፍሎራይድ በሁለቱም አይወጣም።
• ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ ስለ ሁለቱም ምንም አይነግራችሁም። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም።
• ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "በከተማችን ውሃ ውስጥ ያለው የትኛው ነው?" የሚለው ነው።

1. ፍሎራይድ ከየት ይመጣል?

ፍሎራይድ የተፈጥሮ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ውሃው ከመሬት በታች በዚህ አለት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይይዛል። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ታች ያስቀረው ነበር። ስለሌለ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

መጠኑ የሚለካው በሚሊግራም በሊትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከመላ ኢትዮጵያ 1,438 የውሃ ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ከናሙናዎቹ ወደ ሩብ የሚጠጋው ከ1.5 በላይ ሆኖ ተገኘ። ከስምጥ ሸለቆ ከተወሰዱት ውስጥ ግን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከጣሪያው አልፏል። እንደ ሻላና አቢጃታ ባሉ ሐይቆች ደግሞ መጠኑ ከ100 ሚሊግራም በላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ለመጠጥ የሚታሰቡ አይደሉም።

ልብ በሉ፦ ሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች እጅግ የተለያየ ፍሎራይድ ሊኖራቸው ይችላል። ጥልቅ ጉድጓድ ማለት የተሻለ ውሃ ማለት አይደለም። "የዚያኛው ሰፈር ውሃ ጥሩ ነው ተብሏል" የሚለው ወሬ ለናንተ ቧንቧ ማስረጃ አይሆንም።

2. ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

ጥርስ፦ ጉዳቱ የሚደርሰው ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሰራ ባለበት ጊዜ ነው፤ ከልደት እስከ 8 ዓመት አካባቢ። መጀመሪያ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ሲበዛ ይበልዛል፣ ሲብስ ጥርሱ ይቦረቦራል። ስለዚህ ጥርሱ የበለዘ ልጅ "አይፍቅም" ማለት ስህተት ነው። ቀለሙ ከውጭ የተለጠፈ ቆሻሻ ሳይሆን ከጥርሱ ጋር አብሮ የተሰራ ነው፤ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ስንት ወጣቶች እንዳሉ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጥፋቱ የነሱ አልነበረም፤ የጠጡት ውሃ ነው።

በ20 ዓመቱ ከደጋ መጥቶ እዚያ የሚኖር ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ ጥርሱ ተሰርቶ አልቋላ። ይሄ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም።

አጥንት፦ ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም በሊትር ያለውን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው የአጥንት ፍሎሮሲስ ሊይዘው ይችላል። መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ወገብና አንገት ይገተራል። ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን አካል ጉዳተኛ እስከማድረግ ይደርሳል።

አገራችን ይህንን በደንብ ያየችው ወንጂ ላይ ነው። የስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ስራ ከጀመረ በኋላ ሰራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ጠጡ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ ያለውን የፍሎሮሲስ ችግር በሰፊው አሳይተዋል። የተጣመመ አጥንት ተመልሶ አይቀናም። የሚቻለው ቀድሞ መከላከል ብቻ ነው።

3. ማፍላት ለምን አይሰራም?

ስናፈላ የሚተነው ውሃው ነው፤ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። በሊትር 2 ሚሊግራም ያለው 5 ሊትር ውሃ ፈልቶ 4 ሊትር ሲቀር፣ መጠኑ በሊትር 2.5 ሚሊግራም ይሆናል። ለጀርም ብላችሁ ለረጅም ሰዓት ስታፈሉ ፍሎራይዱን እያከማቻችሁት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ አፍሉ፣ ግን አታብዙት። ውሃው በደንብ ከተንተከተከ 1 ደቂቃ፣ ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ደግሞ 3 ደቂቃ ይበቃል።

4. ጀርሙስ ከየት ይገባል?

ጉድጓዱ ንፁህ ሆኖም ውሃው መንገድ ላይ ሊበከል ይችላል። ዋናዎቹ መግቢያዎች አራት ናቸው፦

• ፈረቃ፦ ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም። ያኔ በተሰነጠቀው በኩል የውጭ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ለመጠጥ አትቅዱት፤ ለጽዳት ይሁን።
• ሮቶ፦ ክዳኑ ክፍት የሆነ ወይም ታጥቦ የማያውቅ ሮቶ ያለውን ክሎሪን ይጨርሰዋል። ክሎሪን ካለቀ ጀርም ይራባል።
• ጀሪካን፦ ውስጡ የሚያዳልጥ ከሆነ ጀርም ቤት ሰርቷል። ጠጠርና ሳሙና ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡትና አለቅልቁት።
• ጣሳ፦ እጅ የነካው ጣሳ ባልዲ ውስጥ ሲጠልቅ የለፋችሁበት ሁሉ ገደል ይገባል። አፈ ጠባብ ዕቃ ወይም ቧንቧ ያለው ባልዲ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የመጠጥ ውሃ ጥራት ዳሰሳም ያሳየው ይሄንኑ ነው፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ከሚቀዳበት ቦታ ይልቅ ተበክሎ ይገኛል። ኮሌራም ሆነ ታይፎይድ የሚተላለፉት በዚሁ መንገድ ነው።

5. ቀለሙና ሽታው ምን ይላል?

• ነጭ ሆኖ ወርዶ ከስር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ፦ አየር ነው፣ ችግር የለውም።
• ቡናማ ወይም ቀላ ያለ፦ ብዙ ጊዜ ዝገት ወይም ብረት ነው። ሳይጠራ ክሎሪን ብትጨምሩበት ክሎሪኑ በደንብ አይሰራም፤ አስቀድማችሁ አዝቅጡት ወይም አጥልሉት።
• የበረኪና ሽታ፦ ክሎሪን ነው። ቀለል ያለ ሽታ ጥሩ ምልክት ነው፤ ክፍት አድርጋችሁ ብታቆዩት ይቀንሳል።
• የፍሳሽ ሽታ፦ ፍሳሽ መስመሩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አትጠጡት፣ ወዲያው ለውሃ አገልግሎቱ ደውሉ።

6. የትኛው ዘዴ ለየትኛው?

• ማፍላት፦ ለጀርም ይሰራል። ለፍሎራይድ አይሰራም።
• ውሃ አጋርና ሌሎች የክሎሪን ምርቶች፦ ለጀርም ይሰራሉ። መጠኑን ከላዩ ላይ በተጻፈው መሰረት ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ለፍሎራይድ አይሰሩም።
• ፀሐይ፦ ጥርት ያለ ውሃ በንፁህ ሃይላንድ ሞልታችሁ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ፤ ደመና ከሆነ 2 ቀን። ለጀርም ይሰራል። ለፍሎራይድ አይሰራም።
• የሸክላ ማጣሪያ፦ ብዙውን ጀርም ይይዛል። ፍሎራይድን አይዝም።
• የአጥንት ከሰል ማጣሪያ፦ በልዩ ሁኔታ ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሰራ ነው። ፍሎራይድን ይይዛል፤ ግን ሲጠግብ መቀየር አለበት። የእንስሳት አጥንት በመሆኑ የማይቀበሉት ሰዎችም አሉ።
• አክቲቬትድ አሉሚና፦ ፍሎራይድን ይይዛል። ወንጂ ላይ ለዓመታት ያገለገለው ይሄ ነው። እሱም በየጊዜው መታደስ አለበት።
• ሪቨርስ ኦስሞሲስ፦ ሁለቱንም ይቀንሳል። ግን ውድ ነው፣ መብራትና ጥገና ይፈልጋል።
• የዝናብ ውሃ፦ ፍሎራይዱ ከምንም አይቆጠርም። ከንፁህ ቆርቆሮ ተጠራቅሞ ክሎሪን ከተጨመረበት ለህፃናት ትልቅ እፎይታ ነው።

7. ብር ከሌለንስ?

ሁሉንም ውሃ ማጣራት አያስፈልግም። ፍሎራይድ የሚጎዳው ሲጠጣና ሲበላ ነው። ገላ መታጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤት መወልወል በቧንቧው ውሃ ይሁን። ፍሎራይዱ ያነሰውን ውሃ ለመጠጥና ለወጥ አስቀሩት። እሱም ካልበቃ ቅድሚያው ከ8 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ነው።

• የእናት ጡት ወተት ፍሎራይዱ በጣም ትንሽ ነው፤ እናትየው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣም እንኳ። የዱቄት ወተት ግን በምን ውሃ እንደተበጠበጠ ይወሰናል።
• ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው። ለትንሽ ልጅ ወፍራም ሻይ አታስለምዱ።
• ህፃናት የጥርስ ሳሙና እንዳይውጡ ተቆጣጠሩ።
• የታሸገ ውሃ ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ መጠን እዩ።

8. ማንን ምን ብለን እንጠይቅ?

ቤት ውስጥ የምናደርገው ሁሉ ማስታገሻ ነው። ትክክለኛው መፍትሄ ፍሎራይዱ ያነሰ ምንጭ ማምጣት፣ ወይም ከፍተኛና ዝቅተኛ ጉድጓዶችን በልኬት መቀላቀል፣ ወይም ከምንጩ ማጣራት ነው። ይሄ የከተማው ውሃ አገልግሎት ጽህፈት ቤት ስራ ነው። የወረዳው ወይም የከተማው ጤና ጽህፈት ቤት ደግሞ የውሃውን ጥራት ይከታተላል። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በጽሁፍ ይዛችሁ ሂዱ፦

① የኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ከየትኛው ጉድጓድ ነው?
② የዚያ ጉድጓድ ፍሎራይድ በመጨረሻው ምርመራ ስንት ነበር? ቀኑስ?
③ በመስመሩ መጨረሻ ባለው ቧንቧ ላይ ቀሪ ክሎሪን ስንት ነው? (ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር መሆን አለበት)
④ ኢ.ኮላይ ተመርምሯል ወይ? (ከ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ምንም መገኘት የለበትም)
⑤ ቧንቧ ተሰብሮ ሲጠገን መስመሩ በክሎሪን ይታጠባል ወይ?

"ውሃው ተመርምሯል፣ ንፁህ ነው" ካሏችሁ "ከምን?" ብላችሁ ጠይቁ። ከጀርም ንፁህ የሆነ ውሃ በፍሎራይድ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ያለበት ወረቀት ጠይቁ። የመገናኛ ብዙሃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግስት መስሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መጠየቅ ጠብ መፈለግ አይደለም።

ከናንተ ጥርስ በላይ የሚያሳስበን የታናናሾቻችሁ ነው። የናንተ ተሰርቶ አልቋል፤ የነሱ ገና እየተሰራ ነው። ቤት ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ልጅ ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ ይሄን ላኩለት። ከከተማችሁ መልስ ካገኛችሁም ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ አብረን እናነባቸዋለን።